ዶሮዋ የታቀፈችበት ራዲዮ

ሰኞ

ጉድ ሠራሁ። ጽሑፉን በሙሉ አጥቤ ጣልኩት።

ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ ነገ ራሴን እንዳልዋሽ። ትናንት ለየሺ ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባቷ ጋሽ ዘለቀ እሺም እምቢም አላሉም። ተቀመጡ እንኳ አላሏቸውም፤ ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ በራፍ ላይ ቆመው ሲጠብቁ፣ እሳቸው ከቁም ሣጥኑ ላይ ራዲዮናቸውን አውርደው አጎቴን አሸከሟቸው። “ልጃችሁ ጠጋኝ ነው አይደል የምትሉት? ይህን አናግሮ ያምጣ። እሁድ ተመለሱ፤ ያኔ እንነጋገራለን።” አጎቴ ሽማግሌ ሆነው ሄደው ተሸካሚ ሆነው ተመለሱ። ወገባቸውን ይዘው ነው የገቡት።

ራዲዮው የድሮ ባለ አምፖል ነው፤ እንደ ጠቦት ይከብዳል። ጋሽ ዘለቀ በጉርምስናቸው የገዙት፣ ሰፈሩ ሁሉ ዜና ሊሰማ እሳቸው ቤት ይሰበሰብበት የነበረ። ዝም ካለ ስንት ዘመኑ። እኔ ደግሞ ሞላሌ ላይ የሞባይል ስክሪን የምቀይር ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከፍቼ አላውቅም። አላውቅም ማለት ግን በዚህ ሰዓት አይቻልም።

አምፖሎቹ ደህና ናቸው። ያረጁት ካፓሲተሮቹ ናቸው፤ ኤሌክትሪክ ቋጥረው የሚይዙት፣ ሰም የጠጡ የወረቀት ጥቅልሎች። የጧፍ ቁራጭ ነው የሚመስሉት። በአዲስ ለመቀየር መጠናቸውን ማወቅ አለብኝ። መጠኑ ላያቸው ላይ ተጽፏል። ማለቴ፣ ተጽፎ ነበር። ራዲዮው ምድጃ ያለበት ቤት ስለኖረ ውስጡ ጥላሸት ብቻ ነው። ላጽዳው ብዬ ጨርቅ በላምባ ነክሬ አሸሁት። ጥላሸቱ ለቀቀ። ሰሙ ለቀቀ። ቁጥሩም ለቀቀ። የመጀመሪያው ንጣቱ ሲያምረኝ ሌሎቹንም ሳላያቸው አሸሁ። ቀና ስል ሁሉም ራቁታቸውን ተደርድረዋል።

ማክሰኞ

በቴስተር ለካኋቸው። ሁሉም ቁጥር ሰጡኝ። ደስ ብሎኝ ሻይ አዘዝኩ። ሻዬን ጠጥቼ ደግሜ ብለካ ሌላ ቁጥር። ሦስተኛም ለካሁ፤ ሌላ።

ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰውዬ አገኘሁ። ያረጀ ወረቀት ኤሌክትሪክ ስለሚያፈስ ቴስተሩን ያታልላል፤ ከእውነተኛው መጠን በላይ ያሳያል ይላል። ቀጥሎ ደግሞ “ከማጽዳታችሁ በፊት ፎቶ አንሡ” አለ። እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ትናንት የት ነበርክ?

የሺ ደወለች። “ተናገረ?”

“ሊናገር ነው” አልኳት።

ያሳሰቡኝ ነገሮች፦ እሁድ። ጾም፣ ከገባ ሠርግ የለም። ዓለም ከተማ አውቶቡስ ያለው ሰው ለየሺ ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚባለው ወሬ። የአጎቴ ወገብ።

ረቡዕ

እትዬ ዘይነባ ስልካቸውን ሊወስዱ መጡ። ዘመሮ ላይ ጨርቅ ይሸጣሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሲያዩ ሳቃቸው አልቆም አለ።

“ይሄማ የእኛ ዶሮ ቤት ነው” አሉ።

አባታቸው ልክ እንዲህ ያለ ራዲዮ ነበራቸው። ቁርጥ ይሄ። ሲበላሽ የጀርባው ክዳን ጠፋ፤ ከዚያ ዶሮ ገባችበት። ሆዱ ግን እንዳለ ነው ይላሉ፤ ማንም አልነካውም። የስልኩን አልቀበልም ብዬ ማልኩ። እሳቸውም ከፍለው ሄዱ።

ሐሙስ

ዘመሮ ደርሼ መጣሁ። እጄ ቆስሏል።

ራዲዮው አለ። ቁጥሮቹም አሉ። ዶሮዋም አለች፤ ታቅፋለች።

“ትንሽ ዞር እናድርጋት” አልኩ።

“ወላሂ አላስነሣትም። ጫጩቶቹ ሊወጡ ጥቂት ቀን ነው የቀራቸው።”

“እትዬ ዘይነባ፣ የትዳሬ ጉዳይ ነው።”

“የእሷስ?”

ስልኬን በክንፏ ሥር አሾልኬ በጭፍን ፎቶ ማንሣት ጀመርኩ። ያገኘሁት፦ ክንፍ። እንቁላል። የራሴ አውራ ጣት። ክንፍ። አፏ ሲመጣ። በየመሀሉ ትጠቀጥቀኛለች፤ እትዬ ዘይነባ ደግሞ እሷን “አይዞሽ፣ አይዞሽ” ይሏታል። እኔን አይዞህ ያለኝ የለም።

በመጨረሻ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ወጡ። አንዱ ብቻ ቀረ። ከአምስቱ ቀጥሎ ያሉት ዜሮዎች ሦስት ይሁኑ አራት፣ አምስት ሺህ ይሁን አምሳ ሺህ፣ ኩስ ሸፍኖታል። ልጠርገው እጄን ሰደድኩና መለስኩት። ከሰኞ ወዲህ የምጠርገው ነገር የለም።

“ጫጩቶቹ ሲወጡ አስጠርጌ አይልሃለሁ” አሉኝ።

ዓርብ

ካውያውን አግዬ አዲሶቹን ካፓሲተሮች ስበይድ ዋልኩ። ያ አንዱ ቀረኝ። የሽቦውን መንገድ ተከትዬ ሳየው ሥራው የድምፁን ቅጥነት መቀነስ ነው፤ ብሳሳትም የሚቃጠል ነገር የለም። መሳቢያዬ ውስጥ የነበረው አምሳ ሺህ ነው። አምሳ ሺህ ይሁን ብዬ ገጠምኩት።

እንዳይፈነዳብኝ መስመሩን በቤት መብራት አምፖል በኩል አሳልፌ ሰካሁት። የራዲዮው አምፖሎች ቀሉ። እምም አለ። ከዚያ አንድ ሰው ዜና ማንበብ ጀመረ። ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፤ ዓይኔም እንባ አቅሮ ነበር፣ ማን አየኝ።

ድምፁ ግን ጎተራ ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ሰው ነው። አምሳ ሺሁ በዝቶ ቅጥነቱን ሁሉ ሳይበላው አልቀረም።

ቅዳሜ

አምስት ሺሁን ፍለጋ ሞላሌን አሰስኩ። የለም። አጎቴ አዳመጡና “ጉንፋን የያዘው ሰው አይናገርም እንዴ? ተናገረ ተናገረ ነው” አሉኝ። ጋሽ ዘለቀ ግን ያንን ድምፅ በጉርምስና ጆሯቸው ያውቁታል። እራት አልበላሁም።

እሁድ

ወጉ እኔ ከሽማግሌ ጋር እንዳልሄድ ነው። አጎቴ ግን አልሸከምም አሉ። ስለዚህ ራዲዮውን አቅፌ እስከ አጥሩ ሄድኩ፤ እዚያ ቆሜ ቀረሁ። ሽማግሌዎቹ እንደገና በራፍ ላይ ቆሙ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ “የት አለ እሱ? ገብቶ ይሰካው” የሚል ድምፅ መጣ።

ሰካሁ። ጋሽ ዘለቀ ራሳቸው ቁልፉን አዞሩ። ያ ጎተራ ውስጥ ያለው ሰውዬ መጣ። መሬት መሬት አየሁ። የሺ ከጓዳ መጋረጃ ሥር እግሯ ብቻ ይታየኛል።

ጋሽ ዘለቀ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዜናው እስኪያልቅ አልገለጡትም።

“ይሄ ነው” አሉ። “ልክ እንዲህ ነበር። ያሁኖቹ ይጮሃሉ እንጂ አያወሩም።” ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። “ምን ትገተራላችሁ? ተቀመጡ እንጂ።”

አጎቴ ለመቀመጥ ሲቸኩሉ ወገባቸውን ረሱት።

ማታ እትዬ ዘይነባ ደወሉ። ጫጩቶቹ ወጥተዋል፤ ሁሉም ደህና ናቸው። ተጠርጎ ሲታይ ዜሮው ሦስት ነው። አምስት ሺህ። አሥር እጥፍ ነው የተሳሳትኩት።

ለየሺ ነገርኳት። ሳስተካክለው ድምፁ ጥርት እንደሚልም አስረዳኋት።

“እንዳትነካው” አለች። “አባቴ እኔን የሰጠህ በዚያ ድምፅ ነው።”

እሺ አልኳት። ትክክለኛው ካፓሲተር ከተገኘ ግን ገዝቼ አስቀምጣለሁ። እጄ አሁኑኑ እያሳከከኝ ነው፤ ጋሽ ዘለቀ ደግሞ በየቀኑ እየመጣህ አብረን እንስማ ብለውኛል።