ይሄኛው መርከብ ይቅር

ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን
ከጉዞ ወኪል ቢሮዬ፣ በምሳ ሰዓት

ልጄ፣ ዓይኔ፣ ውሃ ላይ የምታድረው፤

ደህና ነህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፤ ደረጃ ሲያይ ብቻ ነው የሚያኮርፈው። የማድቤቱ ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል። ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤታችን ጥሩምባውን ሸጦ ጊታር ገዝቷል፤ የቱ እንደሚሻል ስትመጣ አንተ ትፈርዳለህ።

መልእክትህ ሰኞ ደረሰኝ። የሚመጣው ወር በገባ በአራተኛው ቀን ከመርከብ ወርደህ ቤት እንደምትገባ፣ ለችኩሌ ቀለበት እንደገዛህላት፣ ልኩን ግን በግምት እንደያዝከው ጽፈሃል። «እማዬ፣ ጣቷን እስቲ አስታውሺና ንገሪኝ፤ ቀጭን አይደል?» ብለሃል። ቆሜ ነው ያነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ድስት ማጠቤን ቀጠልኩ።

ይህን ደብዳቤ ትሪ ይዘህ እንዳታነበው። ሥራህን ጨርስና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም፣ ታውቀኛለህ። ችኩሌ ልታገባ ነው። ሠርጓ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ነው። የሚያገባት ልጅ መሬት ቀያሽ ነው። ለጫጉላቸው የሚሄዱበትን መርከብ ደግሞ ያስመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ አሁን በምጽፍበት በዚሁ ጠረጴዛ። አንተን መጠበቅ የተወችውም በእኔ ምክንያት ነው። እሱን እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ማክሰኞን ልጨርስ።

አልቅሰሽ ነበር ወይ ብትለኝ አላለቀስኩም። ጥርስ ሐኪም መንጋጋ ሲያደነዝዝ ታውቃለህ? ሲነካህ ትሰማለህ፣ ሕመሙ ግን የሌላ ሰው ነው። እንደዚያ ነኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ ምግቡም ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም።

አጠገቤ የምትቀመጠው የአውሮፕላን ቲኬት ቆራጯ ጉንፋን ይዟት ቀርታ ብቻዬን ነበርኩ። በሩ ተከፈተና ገቡ። መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው፤ ረጅም ነው፣ ደረት ኪሱ ውስጥ አጭር ማስመሪያ ሰክቷል። ከኋላው ችኩሌ። ፀጉሯን አሳጥራለች። «እማ—» አለችና አቋረጠችው። «እትዬ፣ እንደምን አደሩ?» አለች። ስንት ዓመት «እማዬ፣ አንቺ» ስትለኝ የነበረች ልጅ! እኔም «እንደምን አደራችሁ፣ ተቀመጡ» አልኳቸው፣ ለማንም ደንበኛ እንደምለው።

ቀያሹ ምንም አያውቅም። «እኔ እሰፈራችን ያለው ቢሮ እንሂድ ብላት እሷ ነች እዚህ ካልሆነ ያለችው፤ እርስዎ የሚታመኑ ሰው እንደሆኑ ነግራኛለች» አለኝ። ወይ መታመን! አንገቷን ደፍታ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች ትዘጋለች። ለምን እንደመጣች ያኔ አልገባኝም። አሁን ሳስበው ከሌላ ሰው ከምሰማው ራሷ ብትነግረኝ ይሻላል ብላ ነው። ጨዋ ልጅ ናት፣ ምን ይወጣላታል።

ሦስት ብሮሸር አቀረብኩላቸው። አንዷ ትንሽዬ መርከብ ናት፣ በየደሴቱ እየቆመች የምትሄድ። ሁለተኛዋ ትልቅ፣ የመዋኛ ገንዳ ያላት። ሦስተኛዋን ማውጣት አልነበረብኝም፤ እጄ ለምዶ ሦስቱንም አንድ ላይ ዘረገፋቸው። ሰማያዊ መስመር ያላት ነጯ ናት። ያንተዋ። በሁለተኛው ውልህ መርከብ ስትቀይር ለችኩሌ የአዲሷን ስም አልነገርካትም፤ ያኔ ተኳርፋችሁ ነበር። ስለዚህ ብታየውም አታውቀውም ብዬ ተጽናናሁ።

ቀያሹ ግን ከሦስቱ መርጦ በየቷ ላይ ቢወድቅ ጥሩ ነው? በነጯ! ማስመሪያውን አወጣና የክፍሎቹን ንድፍ ይለካ ጀመር። «እትዬ፣ ይሄኛው ክፍል ከሌሎቹ በሦስት ካሬ ይሰፋል። በረንዳም አለው።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ። «ሞተሩ ሲያንቀጠቅጥ ያድራል» አልኩት።

«እኔ ስተኛ ቤት ቢፈርስም አልሰማ።»

«ተሳፋሪው በሙሉ ሽማግሌ ነው።»

«ደግ! እኔም ቶሎ ነው የምተኛው» ብሎ ሳቀ።

«ምግቡ የሆስፒታል ምግብ ነው» አልኩት በመጨረሻ። ይቺን ተውልኝ፤ የምታቀርበውን ሾርባ ስም አጠፋሁት። እሱ እቴ! «የኔ ሥራ ደረቅ መሬት ነው፣ ባሕር ላይ ከሄድኩማ በደንብ ልሂድ» አለና ቀኑን ቆጠረ። መነሻዋ ከሠርጋቸው በሦስተኛው ቀን ነው። አንተ ያኔ ገና አልወረድክም። እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ እሷ አጠገቡ ሆና፣ አንተ ነጭ ጃኬትህን ለብሰህ «ምን ልታዘዝ?» ስትላቸው ታየኝ። ሁሉንም አየሁት፣ ምንም ግን አልተሰማኝም። ብቻ ሌላ ውሸት እፈልግ ነበር።

ያኔ ነው ችኩሌ ብሮሸሩን ከፊቱ ስባ ገጽ መግለጥ የጀመረችው። የምግብ አዳራሹ ፎቶ ላይ ደረሰች። ልጄ፣ እኔ እኮ ያንን ገጽ ቆርጬ አልጋዬ አጠገብ ለጥፌዋለሁ! ቢሮ ያሉት ብሮሸሮችም እንዳላቸው እንዴት እንደረሳሁ። ከግራ ሦስተኛው አንተ ነህ፣ ጆሮህ ከቆብህ ሥር ወጣ ብሎ። አውራ ጣቷ አንተ ላይ ሲደርስ ቆመ። አልጮኸችም፣ ቀለሟም አልተለወጠም። ብሮሸሩን ሳትዘጋ ወደሱ ዞረችና «የፓስፖርታችን ኮፒ ያስፈልግ የለ? ማዶ ያለው ሱቅ ያነሳል፣ አስነስተህ ና እስቲ» አለችው።

ወጣ። እሷና እኔ ቀረን።

«እዚህ መርከብ ላይ ያሉት ሠራተኞች ውላቸው ስንት ጊዜ ነው?» አለችኝ።

«ሁለት ዓመት።»

«አሁንስ ስንት ይቀራቸዋል?»

«አንድ ወር አይሞላም» አልኩ።

«ይቀራቸዋል» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። «ይቀራቸዋል።» ደጋግማ አለችው።

አሁን ያልነገርኩህን ልንገርህ። ሁለተኛውን ውል የፈረምክ ጊዜ ከሷ ጋር ስትጣሉ «የመመለሻህን ቀን ሳትቆርጥ እንዳትደውልልኝ» አለችህ። አንተም እልኸኛ ነህ፣ የማን ልጅ ሆነህ! ለኔ ደወልክና «ሁለት ዓመት ይቀረኛል፣ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልጨምር፣ ትጠብቀኝ በያት» አልከኝ። በማግሥቱ መጣች። ልብስ እያሰጣሁ ነበር፣ መቆንጠጫ በጥርሴ ይዤ። ገና ከበሩ ሳትገባ፣ ችኩሌ አይደለች፣ «ደወለ አይደል? ይመጣል?» አለችኝ። እኔም በጥርሴ መሐል «ይቀራል» አልኳት። ጊዜው ይቀራል ማለቴ ነበር። ሁለት ዓመቱን ልጨምርበት መቆንጠጫውን ከአፌ ላወጣ ስል «ይቀራል?» አለች። «በቃ ቀረ?»

አየኋት። ፊቷን አየሁት። መቆንጠጫውን አወጣሁት፤ አፌ ባዶ ነበር፣ መናገር እችል ነበር። ጎንበስ አልኩና ከገንዳው አንድ ሸሚዝ አንስቼ አሰጣሁ። ያንተው ሸሚዝ ነበር። ቀና ስል የለችም።

ምላስሽን ምን ያዘው ትለኝ ይሆናል። አባትህ ያኔ «ስድስት ወር ይቀረኛል» ብሎኝ ነበር ከወደብ የጻፈልኝ። ዘጠኝ ዓመት ነው ያንን ስድስት ወር የጠበቅኩት፣ አንተን በጀርባዬ አዝዬ፣ ኋላም በእጄ ይዤ። ሌላ ቤት እንዳለው የሰማሁትም ከሰው ነው። ችኩሌ ያን ዕለት በሬ ላይ ስትቆም ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ እኔ በሃያ አራት ዓመቴ የነበረኝን ፊት ነው ያየሁት። ትሂድ አልኩ በሆዴ፤ ይቺ እንኳ ትሂድ። አንተን ከአባትህ ጋር አንድ አደረግኩህ። አንተ ግን እሱ አልነበርክም፣ እንዳልከው አንድ ቀን ሳትጨምር ትመጣለህ። ስትደውል «ነገርሻት?» ስትለኝ «ነገርኳት» አልኩህ። «እንዴት ናት?» ስትለኝ «ደህና ናት» አልኩህ። አንተም «ቃሌን ፈጽሜ ነው ፊቷ የምቆመው» ብለህ ለሷ ሳትደውልላት ቀረህ። በደወልክ ቁጥር ልነግርህ እልና ነገ እላለሁ።

ሰው ገባ፣ ቆየኝ።

ሄደ። የአውቶቡስ መናኸሪያ የት ነው ብሎ ነው።

ችኩሌ ከብሮሸሩ ላይ ቀና አለችና «አንቺ» አለችኝ። እርስዎው ጠፋ። «ያን ቀን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

«የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ» አልኳት። «እኔ ደግሞ እያየሁ ዝም አልኩሽ።»

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮኽ ደስ ባለኝ፤ ምናልባት ይሰማኝ ነበር። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች፤ እኔም አየሁ። ቀያሹ ኮፒዎቹን ይዞ ማዶ ቆሟል። ግራም ቀኝም አንድ መኪና የለም፣ እሱ ግን የእግረኛው መብራት አረንጓዴ እስኪሆን ይጠብቃል። ረጅም ጊዜ አየችው። «ስምንት ወር ሙሉ አልቅሻለሁ እኮ» አለችኝ ዓይኗን ከሱ ሳትነቅል። «እሱ ሲያገኘኝ እንደ ሰው አልበላም ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኩ። አላውቅም ነበር።

«ያኛውስ ያውቃል?»

«አያውቅም። ቀለበት ገዝቷል።»

አውራ ጣቷን ከፎቶው ላይ አነሳች። ከዚያ በኋላ ምን ልትል እንደሚችል ሁሉ በሐሳቤ አለፈ። ሠርጉን ትተወዋለች አልኩ፤ ይቺን መርከብ ካልተሳፈርኩ ትላለች አልኩ። የምትይውን አደርጋለሁ ብዬ እጄን ኮምፒውተሩ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። በሩ ተከፈተና እሱ ገባ፣ «ቀለሙ ደብዘዝ ብሏል፣ ይሠራል ይሆን?» እያለ። ብሮሸሩን ቀስ ብላ ዘጋችውና ወደ እኔ ገፋችው።

«ይሄኛው ይቅር» አለች።

«የቱ?» አለ ቀያሹ። «ነጩ? ሦስት ካሬ እኮ ነው!»

«ይሄ። ይቅር።»

የተናገረችው ለሱ ነው። የምታየው ግን እኔን ነበር፤ ብሮሸሩን አይደለም። ዓይኖቿ ደርቀዋል። መርከቡ ይቅር ማለቷ ይሁን፣ እኔን ይቅር ማለቷ ይሁን፣ አንተን «እሱ ይቅር» ማለቷ ይሁን፣ እስካሁን አላወቅኩም። ሦስቱንም ይሆናል። ስወጣ ስገባ እሱን ነው የማስበው።

ሁለተኛዋን፣ ገንዳ ያላትን ያዝኩላቸው። ስማቸውን ከፓስፖርቱ ላይ አንድ በአንድ ለቅሜ ጻፍኩ፣ ሁለቴ አመሳከርኩ፣ አልተሳሳትኩም። ቀያሹ እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ «እግዜር ይስጥልን እትዬ፣ ተጨነቁልን» አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ልጄ። መጥፎ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እሷ በሩ ላይ ዘወር አለች። «ንገሪው» አለችኝ። «ደግሞ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ንገሪው።»

ይኸው ነገርኩህ። በስልክ ያልነገርኩህ፣ በስልክ የተቀበልኩትን ቃል ምን እንዳደረግኩት ስለምታይ ነው። ደብዳቤውን ዛሬውኑ ቀጣይ ወደባችሁ ላይ ላለው ወኪላችን እልከዋለሁ፤ መርከቧ ስትቆም በእጅህ ይሰጥሃል።

ይቅር በለኝ ልልህ ስንት ጊዜ እስክሪብቶ አነሳሁ። ቃሉን ጀምሬ እሰርዘዋለሁ፤ ጠርዙ ላይ ያለው ድልዝ እሱ ነው። ስለ ጣቷ ለጠየቅከኝ፣ አዎ፣ ቀጭን ናት።

ውሃው ይርጋልህ። ነፋሱ ከኋላህ ይሁን። የወጣህበትን ደጅ በጤናህ ተመልሰህ ለመርገጥ ያብቃህ። ክፍልህን ጠርጌዋለሁ፣ መጋረጃውንም አጥቤዋለሁ፤ ብትመጣ ሳታናግረኝ ብትቀመጥም ግድ የለም፣ ዝም ብለህ ብላ።

ስትመልስልኝ ረጅም አትጻፍ፣ አንድ ቃል ይበቃኛል። የምትመጣ ከሆነ «እመጣለሁ» በለኝ። የማትመጣም ከሆነ «አልመጣም» ብለህ ቁርጡን ጻፈው። ብቻ ልጄ፣ «ይቀራል» እንዳትለኝ። እኔ እንደ ችኩሌ አልረዳውም። ቀኑ ነው የቀረው ብዬ እጠብቅሃለሁ።

እናትህ