የሠላሳ አምስት ደቂቃው መንገድና የእህቴ ልጅ ቬሎ

ለተከበሩ የከተማችን አየር ማረፊያ ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ይህ ደብዳቤ እንደ አውሮፕላንዎ መንገድ ላይ ሳይውል ሳያድር ከእጅዎ እንዲገባ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከበርዎ ፊት ለፊት ያለሁት፣ የትከሻዎን ልክ ከባለቤትዎ ይልቅ የማውቀው ልብስ ሰፊዎ ነኝ። ዛሬ የምጽፍልዎ ግን እንደ ተሳፋሪ ነው።

በመግቢያው ላይ ያሰቀሉት ሰማያዊ ሰሌዳ፣ እህቴ ካለችበት ከተማ አየር ማረፊያ ድረስ ርቀቱ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር፣ በረራውም ሠላሳ አምስት ደቂቃ መሆኑን ያበሥራል። እኔም ይህንኑ አምኜ፣ ለእህቴ ልጅ ሠርግ የሰፋሁትን ቬሎ ይዤ በዋዜማው ጠዋት ከደጅዎ ደረስኩ። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. አውሮፕላኑ ገና ስላልመጣ፣ ከመጣ በኋላ ስለታመመ፣ ከዳነ በኋላ ደግሞ አብራሪው ምሳ ስለሄደ፣ አንድ እግሩ በተሰበረው አግዳሚ ወንበርዎ ላይ እስኪመሽ እንድቀመጥ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ቬሎው መሬት እንዳይነካ ሽቅብ ይዤው ስለዋልኩ ክንዴ በነጻ ስፖርት ሠርቷል።

፪. በድምፅ ማጉያው ቀኑን ሙሉ አሁን ይነሳል፣ አሁን ይነሳል ስትል የዋለችውን ልጅ እግዜር ይስጥልኝ። ሰውን በቀጠሮ ማመላለስ የእኛ የልብስ ሰፊዎች ርስት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ገና ተማሪዎች ኖረናል!

፫. በማግስቱ ስንነሳ ደግሞ፣ ቀጥታ መሄድ ያደክመዋል ብላችሁ አዝናችሁልኝ ይሁን አላውቅም፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ወዳለው ዋና ከተማ ወስዳችሁ አገር አሳያችሁኝ። እህቴ ቤት ስደርስ ወንበሮቹ እየተሰበሰቡ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼው ነው።

የቀረው ግን አያሥቅም። የእህቴ ልጅ የተዳረችው የጎረቤት ቬሎ ለብሳ፣ ሰፍቷት ትከሻው ላይ በመርፌ ቁልፍ ተይዞላት ነው። የሰሌዳዎ መንትያ በእነእህቴም ከተማ ተሰቅሏልና፣ እህቴ የሠላሳ አምስት ደቂቃ መንገድ ሁለት ቀን ሊፈጅ አይችልም፣ ልብስ ሰፊ መቼም ልብስ ሰፊ ነው፣ ሳይጨርስ ቀርቶ ነው ብላ፣ ከእንግዲህ ወንድም የለኝም እስከ ማለት ደርሳለች። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ሥራ ከቀጠሮው ቀድሜ ብጨርስ፣ ማን ይመነኝ? አንጀቴ አሯል፣ ጌታዬ። እኔ ያለኝ ምላስ ብቻ ነው፤ እርስዎ ግን ሰሌዳ አለዎት።

ስለዚህ ወንድሟ ሥራውን ጨርሶ እንደነበረና ያቆያችሁት እናንተ እንደሆናችሁ፣ አንዲት መስመር በማኅተም አስደግፈው እንዲጽፉላት በትሕትና እለምናለሁ። ሌላ ካሳ አልፈልግም።

ዕድሜዎን እንደ ሰሌዳዎ ሳይሆን እንደ በረራዎ ያርዝምልኝ።

ክንዱ እስካሁን ያልታጠፈለት አክባሪዎ፣
ከበርዎ ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ

ሳልረሳው፦ ነገ ጠዋት በእነእህቴ ከተማ አየር ማረፊያ ሪባን ሲቆርጡ የሚለብሱት ሙሉ ልብስ አልቋል። እርስዎ ቀድመው በመኪና መሄድዎን ስለሰማሁ፣ ይህን ደብዳቤ በመኪና ልኬ፣ ልብሱን ለአውሮፕላንዎ አደራ ሰጥቼልዎታለሁ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነውና አይስጉ። ምናልባት ከዘገየ ግን እህቴ ዘንድ ጎራ ይበሉ፤ የጎረቤት ልብስ በመርፌ ቁልፍ ማጥበብ ተክናበታለች።