መጀመሪያ የተነሳው እጅ

ለውድ እህቴ ለኦርቴንሲያ፣

ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ፤ በልጄ በሊምበርት ላይ እጄን አንስቻለሁ። መታሁት ማለቴ አይደለም፤ በልጅነቱም መትቼው አላውቅም። ይህን ያስቀደምኩት ሰላምታ ስደረድር ድፍረቴ እንዳያልቅብኝ ብዬ ነው።

እንደምን ከርመሻል፣ እታለም? ወገብሽስ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ አጎንብሰሽ መዋልሽን ሳስብ የኔም ወገብ ያመኛል። ባልሽን ኢላሪዮንን ሳሉ ለቀቀው? ልጅሽ ማሪቤልስ ሕፃኗን ጡት አስጣለቻት? እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ዘንድሮ ከፍቷል፤ ጠዋት ጠዋት የበርሜሉ ውሃ በረዶ ሠርቶ ስለማገኘው በድንጋይ ሰብሬ ነው የምቀዳው።

ሊምበርት ሐሙስ በአውቶቡስ ወደ አንቺ፣ ወደ ብራዚል ይነሳል። የስፌት ሥራ ስላገኘሽለት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጓደኞቹ ጋር የከፈተው ኩባንያ ተዘግቷል። በስልክ ቆራርጬ ነግሬሽ ነበር፤ አሁን ከሥሩ ስሚኝ።

ባሌ ፌርሚን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሚኒባሱን ሲነዳ ወያላው እኔ እንደነበርኩ ታስታውሻለሽ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ማንበብ የተማርኩት ከመኪናችን ታፔላ ነው። አፌ የሚጠራውን ሰፈር ዓይኔ እታፔላው ላይ ይፈልገው ነበር፤ እንዲያ እንዲያ እያልኩ ዛሬ መጽሐፍ አነባለሁ። ሊምበርት ይህን ታሪክ ይወደዋል። ከጓደኞቹ ከኖኤሚና ከራሚሮ ጋር ሆኖ ሚኒባስ የት እንደደረሰና እስከ የት እንደሚሄድ በስልክ የሚያሳየውን ፕሮግራም ሲሠሩ፣ ስሙን «ታፔላ» አሉት። «ባንቺ ነው፣ እማዬ» አለኝ።

የሚሠሩት በጓሮው ክፍል ብርድ ልብስ ተከናንበው ነበር። ራሚሮ የጓንቱን ጣቶች ቆርጦ እየጻፈ «ዶኛ ካሲልዳ፣ ሀብታም ስንሆን መጀመሪያ የምንገዛው ማሞቂያ ነው!» ሲለኝ፣ ኖኤሚ «አንተ መጀመሪያ ካልሲህን እጠብ!» ትለዋለች። ፈቃድ ፍለጋ ሲሄዱ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልካቸዋል፤ ሌላው ደግሞ «ሱቃችሁ የታለ? ዕቃችሁን አሳዩና» ብሎ ይመልሳቸዋል። እየሳቁ ይመለሱ ነበር። ያኔ ገና ይስቁ ነበር።

ሹፌሮቹ ካልፈቀዱ ግን ነገሩ ከንቱ ነው፤ በየሚኒባሱ አንድ ስልክ መሰቀል አለበት። እኛ ዘንድ ደግሞ መስመር የማይቆርጥ ሹፌር የለም፤ መንገድ ላይ ሰው አራግፎ እንደገና ይጭናል። ታፔላ ማን የት እንደቆረጠ ያሳያል። ጉዳዩ በሹፌሮች ማኅበር ስብሰባ እንዲወሰን ተባለ። የፌርሚን ቦታ በስሜ ስለዞረ እኔም ድምፅ አለኝ። ከስብሰባው በፊት የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዶን ሴኖቢዮ፣ የሊምበርት ክርስትና አባት፣ ሚኒባስ ተራው ላይ አገኙኝና «አበልጄ፣ ልጅሽ በየመኪናችን ሰላይ ሊሰቅልብን ነው። የባልሽ ቦታ ባንቺ እጅ የቆየው በማኅበሩ ደግነት መሆኑን እንዳትረሺ» አሉኝ።

ፈራሁ፣ እታለም። ፌርሚንም ይቆርጥ ነበር። ዝናብ እየዘነበ «ውረዱ፣ እዚህ ያበቃል!» እያልኩ አሮጊትና ነፍሰ ጡር ያወረድኩት እኔ ነኝ። ሊምበርትን ያሳደግነው በዚያ ነው።

እሁድ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰብን። ሊምበርት የአባቱን ኮት ለብሶ ተናገረ። እንዴት እንዳማረበት! አንዱ ሹፌር «አንተ ልጅ፣ ይሄን ነገር ሚስቴም ታየዋለች እንዴ?» ሲል ግቢው ሳቀ። ልጄም «ለሚስትዎማ በነፃ ነው!» ብሎ መለሰለት፤ የባሰ ሳቁ። በእጁ አስገብቷቸው ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ድምፅ እስኪሰጥ ልጆቹ ውጭ ይጠብቁ ተባለ። ዶን ሴኖቢዮ ወደኔ ዞረው «ልጁን ከእናቱ በላይ የሚያውቀው የለም፤ አበልጄ ትቅደም። የሚቃወም?» አሉ። ግቢው ሁሉ እኔን አየ። እጄን አነሳሁ። ከኔ በኋላ የተነሳውን እጅ አልቆጠርኩትም።

ስወጣ ሊምበርት «ማን ነው የጀመረው?» አለኝ። «እኔ እንጃ፣ ፊት ነበርኩ፣ አላየሁም» አልኩት። እሱም «ቸኮልኩ፤ ደግሞ ቀለድኩ። ምላሴ ነው ጉድ የሠራኝ» አለ። የኮቱን አቧራ አራገፍኩለት። ሌሎቹም በስብሰባ የሆነ በስብሰባ ይቅር ብለው አልነገሩትም።

ይኸው ሦስት ዓመት። የሄዱበት ማኅበር ሁሉ «የገዛ ማኅበራችሁ ያልተቀበለውን እኛ እንቀበል?» አላቸው። ላ ፓስ ወርደው ለኩባንያ ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎች ፊት ሲቀርቡ፣ ሊምበርት መሐል ላይ ቃል ጠፋበትና ቆመ፤ ኖኤሚ ጨረሰችለት። ያ ግቢውን ሙሉ ያሳቀ ልጅ! ራሚሮ ሳንታ ክሩስ ሄዶ ስልክ ይሸጣል። ኖኤሚን የውጭ ኩባንያ ቀጠራት፤ የክፍሉን ቁልፍ ስትመልስልኝ አለቀሰች። ባለፈው ሳምንት ሊምበርት በሩ ላይ የለጠፉትን «ታፔላ» የሚል ወረቀት ላጠው። ብራዚል ባትሄድስ ብዬ ስለምነው «እማዬ፣ እኔ ሰው ፊት የምቆም ሰው አይደለሁም። ስፌት መኪና ፊት ንግግር አያስፈልግም» አለኝ።

ይህን እያመነ ሊሄድ ነው። ኩባንያው አይመለስም፤ ጓደኞቹም አይመለሱም። ይቅር እንዲለኝም አልጠብቅም። ግን ምላሱ አልነበረም፤ የኔ እጅ ነበር። ልነግረው አፌን እከፍትና ብርድ ልብስ ያዝ፣ ካልሲ ደርብ እላለሁ። «ልጄ ሆይ» ብዬ ልጽፍለት ስጀምርም እጄ እምቢ አለኝ፤ ባንቺ ስም ስጀምር ጊዜ ሄደልኝ።

ኢላሪዮንን ሰላም በይልኝ፣ ሳሉን ችላ አይበል። ማሪቤልን ጉንጯን ሳሚልኝ። የሕፃኗን እግር በደንብ ሸፍኑ። የደረቅ ድንች ከረጢት ልኬልሻለሁ፤ ለሁላችሁም ይበቃል።

ፖስታው ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው፤ ግን አላሸግኩትም። ነገ ቁርስ ሲቀርብ ከሳህኑ አጠገብ አኖረዋለሁ። አንቺ ዘንድ ላይደርስ ይችላል፣ እታለም። ይህን ወረቀት የሚቀበለው ልጄ ሊምበርት ነው።

እህትሽ ካሲልዳ
ኤል አልቶ፣ ማክሰኞ፣ ጁን 18 ቀን 2024