የሐምሌ መስኮት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽን ብርዱ አልጀመረሽም? አባዬስ፣ ጎረቤቶቻችንስ፣ ያቺ ነገረኛ አክስቴስ ደህና ናት? እኔ በአካል ደህና ነኝ። በአካል ማለቴን ልብ በዪልኝ፤ ሌላውን እየቆየሁ እነግርሻለሁ።

እናንተ ዘንድ አሁን ጭቃውና ዝናቡ ነው። እዚህ ግን ሐምሌ ሌላ ነገር ነው፤ ፀሐይዋ ቤቷ የጠፋባት ይመስል እራት ተበልቶም አትገባም። የመጣሁ ሰሞን መናፈሻው ውስጥ ሰዎች ልብሳቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ እንደ ስጥ ተሰጥተው ሳይ፣ አንድ ነገር የደረሰባቸው መስሎኝ ሮጬ ልረዳቸው ምንም አልቀረኝም። ለካ ደስ ብሏቸው ነው! አስፋልቱ ጫማ ይይዛል፤ የአውቶቡሱ ወንበር ያቃጥላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ አልወደድኩትም። ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ግድግዳውን ስሄድ የሆነ ነገር የሰረቅኩ ነው የምመስለው።

የማስታምማቸውን አሮጊት በስልክ ነግሬሻለሁ። ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም፤ አንደበታቸውም ተይዟል፤ ዓይናቸው ግን ምንም አያልፈውም። ልጃቸው የስፌት ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ናት፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች። መልካም ሰው ናት፤ መብላቴን ሳትጠይቅ አትተኛም። ታዲያ ጠዋት ጠዋት የመኝታ ቤቱን መስኮትና የበረንዳውን በር ፊት ለፊት ወለል አድርጋ ከፍታቸው ትሄዳለች። እማዬ፣ ነፋሱ ሽው እያለ በአሮጊቷ ላይ ሲያልፍ ብታዪ! ገና ገላቸውን ታጥበው! አንቺ እንኳን ለታማሚ፣ አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ዝጋ እያልሽ ከስንቱ ረዳት ጋር ተጣልተሻል? እኔም ያንቺ ልጅ አይደለሁ፤ እሷ ወጣ ስትል እኔ ሁሉንም ጥርቅም። መምጫዋ ሲደርስ መልሼ እከፍተዋለሁ። ለእሷ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም፤ ገና ከመምጣቷ መካሪ ሆነች እንዳልባል ነው።

አሮጊቷ ብርድ ልብሱን በደህናው እግራቸው ይገፉታል፤ እኔ መልሼ አለብሳቸዋለሁ። ደግሞ ይገፉታል። እንዴት ያሉ እልኸኛ ናቸው እያልኩ እስቅ ነበር። እስቅ ነበር፣ እማዬ።

ባለፈው ማክሰኞ ፀሐይዋ ከወትሮው ብሶባት ወጣች። ከምሳ በኋላ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ልብስ ልተኩስ ሄድኩ። ተመልሼ ስነካቸው ሰውነታቸው እሳት ነው፤ ላብ የሚባል የለም፤ ብጠራቸው አይሰሙም። ጮህኩ። ከታች የሚኖሩት ጡረተኛ ሾፌር ደርሰው መስኮቱን በረገዱ፣ አምቡላንስም ጠሩልን። ሐኪሙ ሙቀት ነው የመታቸው አለ። እኔ ሰውን የሚመታ ነፋስ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሾፌሩ ቤቱ ምድጃ ሆኖ፣ መስኮቱም በሩም ተጠርቅሞ እንዳገኙት ለአሮጊቷ ልጅ ነገሯት። አፌን ልከፍት ስል ቀደመችኝ። ያን ቀን ረፍዶባት ስትሮጥ ሳትከፍተው መውጣቷ እንደሆነ ተናግራ፣ ፊቷን ግድግዳው ላይ ደፍታ አለቀሰች። ጭራሽ እኔን አቅፋ፣ አንቺ ባትኖሪ እናቴን አጣት ነበር አለችኝ። እኔም ውሃ ላምጣልሽ ብዬ ከፊቷ ሸሸሁ።

አሮጊቷ ነፍሳቸው ተመልሳለች፤ ልጃቸው ግን ከራሷ ጋር አልታረቀችም። ትናንት እራት ላይ፣ ከእንግዲህ ራሷን ማመን እንዳቃታት፣ ሰኞ ከሐኪም ቤት ሲወጡ በቀጥታ አረጋውያን መጦሪያ እንደምታስገባቸው ነገረችኝ። ሴትዮዋ አንደበታቸው ሳይያዝ በፊት ከዚህ ቤት እንዳታወጣቸው አስምለዋት ነበር፤ እሱን ስታነሳ ሳህኗን ገፋ አደረገችው። እኔንም አልረሳችኝም፤ ሥራ እንዳልፈታ ታማኝ ልጅ ናት ብላ የጓደኛዋን እናት እንዳስታምም አነጋግራልኛለች። ታማኝ! ምነው ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ብናገር ማን ታማሚውን ይሰጠኛል? የመኖሪያ ፈቃዴም የተንጠለጠለው በዚሁ ሥራ ላይ ነው። ዝም ብል ደግሞ ሴትዮዋ ከቤታቸው ይወጣሉ፤ ልጃቸውም ባላጠፋችው ስትቃጠል ትኖራለች። አንቺን መውቀሴ እንዳይመስልሽ፣ የኔ እናት። አንቺ ያሳየሽኝ ለሰው መሳሳትን ነው፤ የሰው አገር ፀሐይ እንዴት እንደሆነች ሳልጠይቅ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ሌላው፣ ዝናቡ ሲያባራ ጣራውን ለማስቀየር ከአናጢው ጋር መነጋገራችሁን ሰምቻለሁ። የምልክላችሁ ገንዘብ ላይኖር ይችላልና ለዘንድሮ ይቆይ በዪው። ከሰኞ ወዲያ በዚህ ቤት ስልክ አትደውዪልኝ፤ የጓደኛዋም ቁጥር አያስፈልግሽም። የማርፍበትን እኔው አሳውቅሻለሁ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ የአሮጊቷን ክፍል ሳጸዳ ዋልኩ፤ አልጋቸውንም አነጠፍኩላቸው። ልጃቸው ምን እየሠራሽ ነው አለችኝ፤ ማታ አረፍ ስትዪ እነግርሻለሁ አልኳት።

ስትጸልዪ ስሜን አትዝለዪው። አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። አምላክ አንቺን በቤትሽ ያኑርልኝ፤ እሳቸውንም በቤታቸው።

የምትሳሳልሽ
የመጨረሻ ልጅሽ