ስለ ግንቡ መስታወትና ስለ ነገው የቬኒስ ጉዞ

ሮካፊዳ፣ ኤፕሪል 20፣ የፋሲካ ዕለት

ለክቡር ኢንጂነር ባልዳሳሪ
የተራራው ባቡር መስመር ጥገና ኃላፊ
ግልባጭ፦ ከሮካፊዳ ጣቢያ ለሚሳፈር ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። የእርስዎና የቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም እንቅልፍዎ፣ የተሟላ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤ መጻፍ አልለመድኩም፤ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ዳቦ ቤት የገባሁ ነኝ፣ ሰው ፊት ስቆምም ድምፄ ይጠፋል። ስለዚህ የማፍርበትን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ አያቴን ዋሽቻለሁ። አዋሻሸቱን የተማርኩት ከመሥሪያ ቤትዎ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ተገቢ መስሎኛል።

አያቴ ኦሬስተ ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ሐዲድ በእግሩ እየሄደ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ከዋሻው አፍ በላይ ተራራውን ደግፎ የያዘው ግንብ በተሰነጠቀ ጊዜ፣ በስንጥቁ ላይ ስስ መስታወት አጋድሞ በሲሚንቶ የለጠፈውና ቀኑን የጻፈበት እሱ ነበር። መስታወቱ ሙሉ ከሆነ ግንቡ ተኝቷል፤ ከተሰበረ ግንቡ መንገድ ጀምሯል። አሁን ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው፣ ዳቦ ቤት ስመላለስ በግንቡ ሥር የማልፈው እኔ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አይቼ እነግረዋለሁ።

ምስጋናዎቼን በቁጥር ላስቀምጥ።

፩. በማርች መጨረሻ መስታወቱን ለሁለት ተሰብሮ አገኘሁት። ሠራተኞችዎ ፈጥነው ደርሰው፣ ግንቡን ሳይነኩ መስታወቱን ብቻ በአዲስ ስለተኩት፣ አዲስ ቀንም በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ስለጻፉበት አመሰግናለሁ። አዲሱ ዘጠኝ ቀን ቆየ። ሦስተኛው አምስት ቀን። አራተኛውን የስቅለት ዕለት ለጠፉት፤ ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ተሰብሯል።

፪. ላቀረብኩት አቤቱታ የደረሰኝ መልስ «በምርመራው ቀን መስታወቱ ሙሉ ነበር» ይላል። እውነት ነው። በተለጠፈበት ቀን ሙሉ ያልሆነ መስታወት የለም።

፫. ሠራተኛዎን ደፍሬ ባነጋገርኩት ጊዜ ስለመለሰልኝ መልካም ቃልም አመሰግናለሁ። «እህቴ፣ ይኼ ግንብ ቅድመ አያትሽን ሸኝቷል፣ አንቺንም ይሸኝሻል። ሂጂ፣ ዳቦሽ እንዳይቀዘቅዝ» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ፤ እኔም ሄድኩ።

፬. ከግንቡ ቀዳዳዎች ሁልጊዜ ይወርድ የነበረው ውሃ ከሐሙስ ጀምሮ ቆሟል። አያቴ ከስንጥቁ ይልቅ የሚፈራው ይህንን ነው። ዘንድሮ ዝናቡ እንዲህ በዝቶ ሳለ ውሃው ከግንቡ ጀርባ ተጠራቅሞ ምን እንደሚሠራ መሥሪያ ቤትዎ ስለሚያውቅ አልጠይቅም።

አሁን ለምን እንደዋሸሁ። ነገ ማለዳ አምስታችን፣ አባቴ፣ እናቴ፣ ታናሽ እህቴ ዴሊያ፣ አያቴና እኔ፣ በመጀመሪያው ባቡር ተነስተን ወደ ቦሎኛ፣ ከዚያ ወደ ቬኒስ እንሄዳለን። አባቴ የባቡሮቹን ሰዓት ከክረምቱ ጀምሮ በቀን መቁጠሪያው ጀርባ ላይ ሲጽፍና ሲሰርዝ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ሌላው ሰው በሰላም እንዲሄድ ሐዲድ የጠበቀ ሰው፣ ዓይኑ ጨርሶ ሳይጨልም ውሃ ላይ የተሠራውን ከተማ ይይ ብለን ነው። ስለ መስታወቱ ቢሰማ እሱ አይሳፈርም፣ እኛንም አያሳፍርም። እኔም እንደ እርስዎ፣ መስታወት በተለወጠ ቁጥር አዲሱን ብቻ አየሁ። ትናንት አልጋው አጠገብ ጠርቶኝ፣ «የኔ ዓይን፣ መስታወቱ እንዴት አደረ?» አለኝ።

«ሙሉ ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያው ባቡሩ ላይ ደህና አድርጌ እተኛለሁ። ቬኒስ ስንደርስ ቀስቅሺኝ።»

ያንን ቃል ሰምቼ ነው ይህን ደብዳቤ ልጽፍ የተቀመጥኩት። ነገ ደግሞ የፋሲካ ማግስት ነው፤ ግማሹ መንደር ልጁንና ቅርጫቱን ይዞ ለሽርሽር የሚወጣው በዚሁ ባቡር ነው። ግንቡ ግን የሰዓት ሰሌዳ የለውም።

ለትዕግሥትዎ፣ ለመስታወትዎ፣ ለሲሚንቶዎና ለሚያምረው የእጅ ጽሕፈት እጅግ እያመሰገንኩ፣ በተሰበረ ነገር ላይ ሙሉ ነገር መለጠፍን ካስተማሯቸው ወገን፣ ታዛዥዎ

ኤርሲሊያ ቶንዲ፣ የዳቦ ቤት ሠራተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህንን ደብዳቤ ዛሬ ማታ በጣቢያው ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ። ነገ ማለዳ፣ ሻንጣዎቹ ደረጃውን ሳይወርዱ፣ ለአያቴ እውነቱን እነግረዋለሁ፤ ከዚያም ጣቢያ ወርጄ ለሚሳፈረው ሁሉ፣ ድምፄ ቢጠፋም እጁን እየያዝኩ፣ አንድ በአንድ እነግራለሁ። የእኔን ቲኬት በጣቢያው መስኮት ትቼልዎታለሁ። በግንቡ በኩል ይቀመጡ፤ ሥራዎን በቅርብ ያዩታል።