በበዓል ቀን የሚወዛወዝ መብራት

ሰኞ፣ ኅዳር 19

ዛሬም ያው ነው። ገብርኤል ስለሆነ ወፍጮው ዝም ብሏል፣ ሰዉ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ እኔ የምጠብቀው የሶላር ጣቢያ መብራት ደግሞ ይወዛወዛል። ጎላ፣ ደብዘዝ፣ ጎላ፣ ደብዘዝ። የጤና ኬላው የክትባት ፍሪጅ ሁለቴ ጠፋ። ነርሷ ትዕግሥት በር ላይ ጠበቀችኝ፤ «ክትባቱ ከተበላሸ እናቶቹን አንቺ ታናግሪያቸዋለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ምን ልበላት።

ምክንያቱን ማወቄ ነው የሚያናድደኝ። በሥራ ቀን የሶላሩን ኃይል የጋሽ ዘለቀ ወፍጮ እዚሁ ይበላዋል። በበዓል ወፍጮ የለም፤ ኃይሉ ሁሉ በዚያች ቀጭን መስመር ወደ ፍኖተ ሰላም ይገፋል። ኃይሉን ወደ መስመሩ የሚያስገቡት ኢንቨርተሮች የመስመሩን ምት ለመከተል ይቸኩላሉ፣ መስመሩ ደግሞ በነሱ ችኮላ ይናወጣል። ጠባብ በር ላይ ተገናኝተው አንዱ ግራ ሲል ሌላውም ግራ፣ ቀኝ ሲል ቀኝ እንደሚሉ ሁለት ሰዎች ናቸው።

መፍትሔው ችኮላቸውን መቀነስ ነው። አንዲት ቁጥር ዝቅ ማድረግ። ግን መድኃኒቱ መሥራቱን የማየው ሲወዛወዝ ብቻ ነው። የሚወዛወዘው በበዓል ነው። በበዓል ሥራ ክልክል ነው። አርፌ ተቀመጥኩ።

የሰፈሩ ማብራሪያ ከኔ ያጥራል፦ ሶላሩ በዓል ይሽራል፣ ተቀጣ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 20

እንዲመጣ ስለምነው የከረምኩት አለቃዬ ከፍኖተ ሰላም መጣ። በሥራ ቀን! ወፍጮው ይጮሃል፣ መብራቱ ቀጥ ብሏል።

«የታለ ውዝዋዜሽ?»

«በበዓል ነው የሚመጣው» አልኩት። ራሴን ስሰማው አፈርኩ።

የእሱ ኮምፒውተር የሚያሳየው የሰዓቱን አማካይ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ መብራታችን ጨዋ ነው። ነገ ማርያም ናት፣ ይምጡና ይዩት ስለው «እኔም በዓል አከብራለሁ» አለኝ። መኪናው ከተነሳ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጨመረልኝ፤ ነገም ፍሪጁ ከጠፋ ጣቢያው ይዘጋል፣ ፓነሎቹ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳሉ፣ እኔም ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ።

ከሰዓት የሰፈሩ ቄስ አባ ገብሬ ዘንድ ሄድኩ። ነገ አንድ ቁልፍ እንድጫን ይፍቀዱልኝ አልኳቸው። ሽማግሌዎች ተጠሩ። ቁልፍ መጫን ሥራ ነው ወይስ አይደለም? ጋሽ ዘለቀ «ስልክስ በበዓል እንጫን የለም?» ብለው ረዱኝ። አንዱ ሽማግሌ ግን «አንተ ስልክ ስትጫን ደሞዝ አይከፈልህም፣ እሷ ይከፈላታል» አሉ።  

በመጨረሻ አባ ገብሬ ፈረዱ። «የታመመ መጠየቅ በበዓልም አይከለከልም። ፍሪጁ ታሟል። ሂጂና ጠይቂው፣ ልጄ። ግን እንደ ጠያቂ ቁጭ ብለሽ ነው፤ መፍቻም ጉጠትም አትያዢ።»

ረቡዕ፣ ኅዳር 21

ከቅዳሴ በኋላ ነጭ ቀሚሴን እንደለበስኩ ገብቼ ማሽኑ ፊት በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። ፀሐዩ ሲበረታ መብራቱ ጀመረ። ሲወዛወዝ ደስ ያለኝ ዛሬ ገና ነው። ቁጥሯን ዝቅ አደረግኩ። ጠበቅኩ። ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ቆመ።

ዘልዬ ወጣሁ። ግማሾቹ ፓነሎች የሉም። ሸራ ለብሰዋል! የጤፍ መውቂያ ሸራ፣ ጫፍ ላይ ጋቢ ሳይቀር። ጋሽ ዘለቀ ኮራ ብለው «በዓሉን ይረፍ ብለን ነው። አየሽ፣ አደብ ገዛ» አሉኝ።

የሚያበሽቀው ነገር አለመሳሳታቸው ነው። ግማሹ ከተሸፈነ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ውዝዋዜውም ይቆማል። ታዲያ ያቆመው ማን ነው፣ እኔ ወይስ ሸራው? ሳያውቁ ማደር አይቻልም። ይነሳልኝ አልኩ።

«ማልበስ ጽድቅ ነው፤ ማንሳት ግን ሥራ ነው» አሉ።

እሺ። እኔው ልገፍፈው ተነሳሁ፣ በነጭ ቀሚስ፣ ሕዝብ እያየ። አንድ ሸራ በገፈፍኩ ቁጥር «አለ?» እያልኩ እጠይቃለሁ፤ ትዕግሥት ፍሪጁ አጠገብ ሆና «አለ!» ትላለች።  መጨረሻ ላይ ጋቢው ቀረ። የአባ ገብሬ ነው። ገፈፍኩትና «አለ?» አልኩ።

«አለ!» አለች። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ አልደብቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 22

አለቃዬ በጠዋት ደወለ። ፍሪጁ እንዳልጠፋ ነገርኩት። «ምንም የለውም ብዬሽ አልነበር?» አለኝ።  ጣቢያው ይቆያል፤ እኔም እቆያለሁ።

ሰፈሩ ደግሞ ሶላሩ የዳነው አንድ ቀን በዓል ስላከበረ ነው ይላል። አልተከራከርኩም፤ የኔም ቁጥር የተፈተነችው ነፋስም ደመናም በሌለበት አንድ ቀን ነው፣ አንድ ቀን ደግሞ ማስረጃ አይባልም።

አመሻሽ ላይ ጋሽ ዘለቀ ወፍጮውን ዘግተው ሲሄዱ ቆም አሉ። «ነገ ጊዮርጊስ ነው። ስንት ሰዓት ላይ እናልብሰው?»

አያስፈልግም አልኳቸው። ድምፄ ግን እንዳሰብኩት አልጠነከረም።