በልጄ እግር የተሳልሁት ስለት

ሰኞ

ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ይርጋ ነው፤ የሴቶቹ ቡድን አሰልጣኝ ይርጋ። መጀመሪያ ልጄን ዝናሽን ኳስ አስለመዳት፤ እግሯ ተሰበረ። አሁን ድና ቤት ስትቀመጥልኝ ደግሞ አዲስ አበባ ለነጻ የትምህርት ዕድል አስመዘገባት። ተቀበሏት። ልትጫወት አይደለም፤ የቡድን ወጌሻ ልትሆን ነው፤ ተጫዋች ሲወድቅ ሮጣ ገብታ የምታክም። ትምህርቱም ማደሪያውም ምግቡም በነሱ፣ እየተማሩም ክለብ ውስጥ ያለማምዷቸዋል። ለሴት ብቻ ነው አሉ። በእኔ ጊዜ ለሴት ብቻ የሚባለው እንስራና ማጀት ነበር።

መልሷን እስከ ሐሙስ ትስጥ ተብላለች። እሷ ግን አፏን ዘግታ ታየኛለች። ስለቴን ታውቃለቻ። እግሯ በጀሶ ታስሮ ሳለ ማርያም ደጅ ወድቄ፣ «ልጄ ቆማ ከሄደች ዳግም ኳስ ሜዳ አትረግጥም» ብዬ ተስያለሁ። ቆማ ሄደች። ወጌሻስ ሜዳ ይረግጥ የለ?

ማክሰኞ

ይርጋ መጣ። በሩ ላይ ቆመ፤ ግባ አላልሁትም።

«እትየ ዓለም፣ እኔን ይርገሙኝ፣ ልጅቱን ግን ይልቀቋት» አለ።

«አንተንማ ረግሜ ጨርሻለሁ» አልሁት። ዝናሽ ከጓዳ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆየሁ።

በስልኩ አንዲት የይፋግ ልጅ አገናኘኝ። በዚሁ ዕድል ተምራ አሁን የወንዶች ክለብ ወጌሻ ናት።

«እማማ፣ እኔ ኳስ መምታት እንኳ አልችልም» አለችኝ። «ግን የወደቀው ተጫዋች እኔ ካልፈቀድሁ አይጫወትም።»

«ወንዶቹ እሺ ይሉሻል?»

«መጀመሪያ ይስቃሉ። ሲያማቸው ግን እናታቸውን ትተው እኔን ይጠራሉ።»

የቀጠራት በትምህርቷ ጊዜ የተለማመደችበት ክለብ ነው። ያስተማሯት ሴቶች ዛሬም ይደውሉላታል፤ የት የሥራ ቦታ እንደተከፈተ ይነግሯታል። «ያለ እነሱ በሩን እንኳ የት ባገኘሁት» አለች።

ስልኩን መልሼ ሰጠሁት።

ረቡዕ

ድንቼን ይዤ ገበያ ዋልሁ። የጉና ተራራ ብርድ አጥንት ይገባል። ልቤ እዚያ አልነበረም።

ልጅ ሆኜ ተማሪዎቹን በአጥር ቀዳዳ ነበር የማያቸው። ፊደል ያስቆጠረችኝ ዝናሽ ናት፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እግሯ ታስሮ ተኝታ ሳለ። «ሀ በይ፣ እናየ» ትለኛለች። ስሳሳት በክራንቿ ጫፍ ጎኔን ትነካኛለች። ቀኑን ሙሉ የእኔ ነበረች። ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። ልጇ የታመመችበትን ወራት የምትናፍቅ እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሐሙስ

ጧት የነፍስ አባቴ ቄስ ሞላ ዘንድ ሄድሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው።

«ስለት በራስ ነው» አሉ። «በልጅሽ እግር ተሳይ ማን አለሽ? እግሩ ያንቺ ነው?»

«ወልጄዋለሁ፣ አባቴ።»

«ወለድሻት እንጂ በእግሯ አልሄድሽበትም።»

ቀኖና ሰጡኝ። «በእሷ እግር የተሳልሽውን በራስሽ ጉልበት ክፈይ። ስገጂ።»

ጉልበቴ እንኳን ለስግደት ለገበያ መንገድም እንቢ ብሏል። ሰገድሁ። ስነሣ ምሰሶ ይዤ ነው።

ቤት ስገባ ዝናሽ አየችኝና ጉልበቴን አሸችው፤ በፋሻ ጠቀለለችው። «እናየ፣ ዘጠና ደቂቃ የተጫወትሽ ትመስያለሽ።»

«ደውዪና እመጣለሁ በያቸው» አልኋት።

እጇ ፋሻው ላይ ቀረ። «ስለቱስ?»

«ስለቱ የእኔ ነው። ደውዪ።»

ደጅ ወጥታ ደወለች፣ ስታለቅስ እንዳላያት። ሰማሁ።

ዓርብ

የምትይዘው፦ ወፍራሙ ጋቢዬ። ቆሎ። በሶ (አልፈልግም አለች፤ ከተትሁት)። ክራንቹ አይሄድም፤ እሱ የእኔ ነው።

ይርጋ ሻንጣ አመጣ። ግባ አልሁት። ተቀመጥ ግን አላልሁትም።

ቅዳሜ

አውቶቡሱ ሄደ። ይርጋ አጠገቤ ቆሞ እጁን ያወዛውዛል፤ የእኔ እጅ ከነጠላዬ አልወጣም። መኪናው ሲታጠፍ አፌ በልማዱ፣ «እመቤቴ፣ በደህና ከገባችልኝ ተመልሳ…» ብሎ ጀመረ። ምላሴን ነከስሁ።

እስካሁን አልደወለችም። ቤቱ ሰፋብኝ። ጉልበቴ ያመኛል፤ ፋሻውን ግን እሷ እንደጠቀለለችው ትቼዋለሁ። ተምራ ትመለስ፣ ወይ እዚያው ትቅር፣ አላውቅም። እለምናለሁ፤ መለመን አልተከለከለም። በልጄ እግር ግን ከእንግዲህ አልሳልም።